በእናታችን አንገት ላይ የነበረው ልብህ

ይድረስ ጀርመን አገር ለሚገኘው ለወንድሜ ለማረው፤ ከእህትህ ከሸዋዓለም።

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ራስህን እንዴት ነህ፣ ደረትህንስ እንዴት ነህ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ይህን ሁሉ የምደረድረው ለወጉ መስሎህ እንዳታልፈው። ሌላ ጊዜ ደህና ነህ ወይ የምንልህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማያምር ነው፤ ዛሬ ግን መልሱን ፈልጌ ነው። አለህ ወይ? በሕይወት አለህ ወይ? ካለህ ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። ቁጭ በል፤ የምነግርህ ብዙ ነው፣ አንጀቴም አርሯል።

እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና አለን። ባለቤቴ አንለይ ደህና ነው፣ ልጆቹም ያድጋሉ፤ ሻይ ቤታችንም ወረታ ላይ የደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ እንዳለች ናት። መኪና ሲቆም እንሸጣለን፣ ሳይቆም ዝንብ እናባርራለን። እናታችን ግን ደህና አይደለችም። ካልታከመች ብዙ አትቆይም ብለውናል። መታከም ደግሞ እንቢ ብላለች፤ እንቢ ያለችውም አንተ ሞተሃል ብላ ነው። አትሳቅ። ቁሐር ሚካኤል እናታችን ቤት ሰው ተሰብስቦ አንተን ሊያለቅስህ መጥቶ ነበር። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ከሥሩ ልንገርህ፤ መነሻው አንተ ነህና ዝም ብለህ ስማኝ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የላክህልንን አስታውስ። ፖስታው ወፍራም ስለነበር ፎቶግራፍ ነው ብለን ደስ አለን፤ ስንከፍተው ረጅም ወረቀት እጥፍጥፍ ብሎ ወጣ። ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን ቢዘረጉት ቢዘረጉት አያልቅም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ተሰምሮበታል። በደብዳቤህም እንዲህ ብለህ ነበር፤ የሐኪም ቤት መሣሪያ መጠገን በምትማርበት ቦታ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰው ደረት የሚልክ መሣሪያ አለ፤ ድምፁ ልብን ነክቶ ሲመለስ፣ ልቡ የቱን ያህል እንደ ተነቃነቀ መሣሪያው ይለካል፤ የጤፍ ቅንጣት የምታህለው ንቅናቄ እንኳ አታመልጠውም። መሣሪያውን ስትሞክሩ አንተ ተኝተህላቸው የአንተ ልብ ወረቀት ላይ ወጣ። «ይህ የልቤ እንቅስቃሴ ነው፤ ለእናቴ ማስታወሻ ይሁናት» ብለህ ጨረስህ። በቃ! ማስታወሻ! ሰው እኮ ለእናቱ ማስታወሻ ሲልክ ሻርፕ ይልካል፤ ሌላው ቢቀር ጥርሱን ገልጦ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል።

ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ድምፅ እንዴት ሄዶ ይመለሳል ብላ ብትጠይቀኝ፣ ጣራ ገዳም ለንግሥ ስንወጣ አንተ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመህ ስትጮኽ ድምፅህ ይመለስ የነበረውን አስታወስኋት፤ መነኩሴው በመቋሚያቸው ያባረሩህን ቀን ማለቴ ነው። ያው ገደል ማሚቶ ደረት ውስጥ ገባ በይው አልኋት። ገባት። ከሚገባው በላይ ገባት። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስመሩን በጣቷ ስትከተለው ዋለች። ይህ ከፍ ያለው ሲመታ ነው? ይህ ዝቅ ያለው ሲያርፍ ነው? እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ምኑን አውቄው! አዎ አልኋት።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዛ መሪጌታ መንግሥቴ ዘንድ ሄደች። የአገርህ ወግ ጠፍቶብህ ከሆነ ላስታውስህ፤ እኛ ዘንድ ረጅምና ጠባብ ሆኖ የተጠቀለለ ነገር ክታብ ነው። ክታብ ደግሞ በባለቤቱ ቁመት ነው የሚቆረጥ። መሪጌታ ወረቀቱን ከራሷ እስከ እግሯ ቢለኩት ልክክ አለ። እሳቸውን አልወቅስም፤ እውነቱን ነግረዋታል። እኔ አልጻፍሁትም፣ ንባቡንም አላውቀው፣ ግን የልጅ ልብ በእናት አንገት ላይ ቢውል ማንን ይጎዳል አሉና በቀይ ቆዳ ሰፍተው አሰሩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን ልብህን አንጠልጥላ ትውላለች። ዘመድ ሲመጣ፣ ማረውማ ይኸው እዚህ ነው ትላለች፣ ክታቡን መታ መታ እያደረገች። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እንዲያ ፊቷ ሲፈታ አይቼ ስለማላውቅ፣ ደስ ካላት ይሁን ብዬ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ እግሯ ያብጥ ጀመር። ክረምቱን የገበሬ ማኅበሩ አዲሱን ሩዝ ሲያስተክል ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ተነክራ ዋለች፤ ተይ ብላት፣ ሊቀመንበሩ ስሜን ይይዘዋል ትለኛለች። ውኃው ሜዳውን ለቆ ከሄደ በኋላም እብጠቱ አልሄደም። ከጓዳ እስከ ደጅ ለመድረስ መሐል ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። ስትጋደም ትንፋሿ ስለሚቆረጥ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታነጋለች። ወረታ ጤና ጣቢያ ወስጃት የሳል ሽሮፕ ሰጥተዋት ነበር፤ ጎንደር ውሰዷት ያለኝም ያው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። እሷ ግን እንዴት ትነሣ! ልቡን የታመመ ሰው ልቡን ያስመርምር፤ የእኔ ልብ በአንገቴ ላይ ነው፣ ሲመታ እሰማዋለሁ ትለኛለች። እኔ በዚህ ስበግን አንተ ደግሞ ጠፋህ። ከመስቀል ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍህም። ደብዳቤ ላክሁ፣ ቴሌግራም ላክሁ፤ ዝም። የጤፍ ቅንጣት ሲነቃነቅ ታያላችሁ አሉ፤ እናት ቁጭ ብላ ስታነጋ የሚያይ መሣሪያ የላችሁም?

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ጾሙ ከገባ በኋላ፣ ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁና መለማመጡን ተውሁ። የመሄጃ ወረቀት ለማውጣት የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ተመላለስሁ። ሊቀመንበሩ ለምን ጉዳይ ነው አለኝ። ልቧን ልታስለካ ነው አልሁት። ልብ የሚለካው በምን ቁና ነው ብሎ ከነሸንጎው ሳቀብኝ። ስድቤን ዋጥ አድርጌ ቆምሁ፤ ማኅተሙ በእጁ ነዋ። እሷን ያስነሣቻት ግን ጎረቤታችን ሰኪና፣ ባለሱቋ ናት። ሰኪና ብልህ ናት፤ ታከሚ አላለቻትም። የማረውን ልብ ያየው መሣሪያ ወንድሙ ጎንደር መጥቷል፣ ጀርመኖቹ አምጥተውታል፣ ሄደሽ አትጠይቂውም ወይ አለቻት። በዚህ ተነሣች። የሰኪና ወንድም መሐመድዘይን በጭነት መኪናው ጋቢና አስቀምጦ ወሰደን፤ ሰኪናም ሱቋን ዘግታ አብራን መጣች። እናታችን መንገዱን ሁሉ አንድ እጇን ክታቡ ላይ አድርጋ ነው የሄደች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያስገቡን ክፍል ጨለም ያለ ነው። ጀርመናዊቷ ሐኪም እናታችንን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፤ ዶክተር ደረሰ የሚባል የወገራ ልጅ አጠገቧ ቆሞ ይተረጉማል። ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ሊያደርጉ ሲሉ እናታችን እጃቸውን ያዘች። ጾም ነው፣ ይህ ቅባት ከምን የተሠራ ነው አለች። ዶክተሩ ከእንስሳ አይደለም እማማ ብሎ ማለላት። ይህን አለፍን። ከዚያ የክታቡ ነገር መጣ። ክሩ ረጅም ስለሆነ ክታቡ የሚያርፈው ልክ የሚለኩበት ቦታ ላይ ነው። ይፍቱት አሏት፤ አልፈታም። እንግዲያው ወደ ጎን ያድርጉት አሏት፤ እሺ አለችና በሁለት እጇ ጨብጣ ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

ዶክተር ደረሰ የመሣሪያውን መስታወት አሳየኝ። መስመሩ ይርገፈገፋል። ይህ የልቧ አይደለም፣ ክታቡን ጨብጣ ክንዷ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ንቅናቄ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ እንዲህ ከያዘችው ልቧን ከክንዷ መለየት አንችልም አለኝ። ለመኗት፤ እኔም ለመንኋት። ሰኪና እንኳ፣ በእኛም ቤት ሂርዝ የሚባል ክታብ ይታሰራል፣ ሐኪም ፊት ግን ይፈታል እናቴ አለቻት። እናታችን ምን ብትል ጥሩ ነው? ብፈታው ይቆማል አለች። ምኑ ስላት፣ ልቡ አለችኝ። ደብዳቤው ከቀረ ስንት ጊዜው ነው? እስካሁን የሚመታው እኔ ስለያዝሁት ነው አለች።

ማረው፣ በዚያች ሰዓት ማንን እንደ ጠላሁ ልንገርህ? አንተን ነው። አንተን፣ ወረቀትህን፣ ማስታወሻ ያልሃትን ቃል። እኛ እዚህ እናታችን ትንፋሽ አጥሯት ስትቃትት፣ ያንተ ደህና ልብ መንገድ ዘግቶባታል። እጄን ሰደድሁና ክሩን በጠስሁት። ክታቡ ወለሉ ላይ ወድቆ ስፌቱ ተተረተረ፤ ወረቀትህም ተዘረገፈ። እናታችን ገደልሽው አለች። አልጮኸችም። ገደልሽው ብላ እጆቿን ለቀቀቻቸው፤ ከዚያ እንኳን ክንዷ ጣቷም አልተነቃነቀ። መሣሪያው ልቧን ያነበበው ያን ጊዜ ነው።

ዶክተሩ ወረቀትህን ከወለሉ አንሥቶ ገና ሲያየው አወቀው። ከእናታችን ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ዘረጋና አስረዳኝ። ይህ የልብ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው፤ የወንድምሽ ከፍ ይላል፣ ቶሎ ይወርዳል፣ እንደገና ብቅ ይላል፤ የእናትሽ ግን አንዴ ከወጣ በኋላ እንደ አምባ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ በሩ ጠብቧል፣ ደሙ በግድ ነው የሚያልፈው አለኝ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ስትታመም ልቧ ላይ ያደረ ጣጣ ነው ይላል። በየወሩ መርፌ ከተወጋች፣ ውኃውን የሚያወጣውን ክኒን ከዋጠች፣ ከጭቃው ሥራ ከወጣች ትቆያለች። በሩን ቀደው የሚያሰፉም አሉ፣ እንዲያውም አንተ ባለህበት አገር፤ ስሟን እናስተላልፋለን፣ እሺታዋ ግን ያስፈልጋል አለ። ካልሆነስ አልሁት። የሚመጣውን ክረምት መሻገሯን እንጃ አለኝ። ከዚያ ሊያጽናናት ብሎ ያንተን ወረቀት አሳያትና፣ ይህ ልብ ጤነኛ ነው እማማ፣ እንከን የለበትም አላት። ነበር በለኝ አለችው። ይህ የአምና ልቡ ነው፤ የአምና ልብ የዛሬን አይናገርም። ልጅሽ ይኖራል ቢላት፣ አንተ የት አየኸው አለችው። ዶክተሩ ወረቀትህን አጥፎ ሰጠኝ።

መርፌውን አልወጋም ስላለች ክኒኑን ብቻ ይዘን ተመለስን። ልጄን ቀብሬ ለማን ብዬ አለች። ቤት እንደ ገባን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቁሐርን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። የማረው መርዶ መጣ ተባለ። ጠዋት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ገና ከደጃፉ ሳይደርስ ልቅሶውን አቀለጠው። አጎታችን ጋቢያቸውን አገልድመው ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አልሞተም፣ ኧረ አልሞተም ብዬ ብጮኽ፣ ምስኪን፣ እህት አይደለች፣ አላምን ብላ ነው ይሉኛል። አልቃሿ ደግሞ ፈረስህ ላይ ስትቀመጥ ሜዳው ይንቀጠቀጥ ነበር ብላ ገጠመች። አንተ በዕድሜህ ፈረስ ተቀምጠህ አታውቅም! በቁሜ ልሣቅ ወይስ ላልቅስ?

ያስቆሙት መሪጌታ መንግሥቴ ናቸው። መርዶ ነጋሪው ማነው? የሞተበትስ ቀን መቼ ነው? ወሬው ያልመጣ ሞት አይለቀስም ብለው ሰዉን በተኑት። ለእናታችንም ክታቡን መልሼ ልስፋልሽ አሏት። ክሩ ከተበጠሰ ባዶ ቆዳ ነው አለቻቸው። ይህን ያስተማሯት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

አሁን እኔ በየገበያው ማግሥት ቁሐር እመላለሳለሁ። ክኒኑን ትውጠው ይሆን ከመደቡ ሥር ትወትፈው ይሆን አላውቅም። አታናግረኝም። ውኃ ስሰጣት ትቀበለኛለች፣ ምርቃት ግን የለም። እግሯን ሳጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ገዳይ ነኛ! አንተ እዚያ ነጭ ጋውን ለብሰህ ስትመላለስ የወንድሜ ገዳይ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ሥራ በዛብኝ እንዳትለኝ። ሥራ የበዛበት ሰው ደህና ነኝ የምትል አንዲት ቃል መጻፍ ያቅተዋል? ደብዳቤህ መንገድ ላይ ተይዞ ከሆነም ጥፋቱን ለይቼ የምሰጥበት ሰው የለኝምና ተሸከመው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ቤቱ ደጅ ቆሜ ገበያተኛው መሐል ጀርባው አንተን የመሰለ ሰው አይቼ በእጄ የነበረው ስኒ ወደቀ። እኔም መፍራት ጀምሬያለሁ። ሙት አይሰደብም ይባላልና፣ አለህ ብዬ ማመኔን እንዳልተው ነው እንዲህ የምሰድብህ።

አሁን የምታደርገውን ስማ። ደብዳቤ ብቻ እንዳትልክ፤ ደብዳቤማ ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብላለች። የቴሌግራምን ስም አታንሣባት። ሂድና መሣሪያው ሥር ተኛ። ሸሚዝህን አውልቅ፣ አትነቃነቅ፣ ልብህን እንደገና ያንሡልህ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር በገዛ እጅህ ጻፍበት። አስረዝመው፤ ቁመቷን ታውቃለህ። ያን የረገምሁትን ወረቀት መልሼ ስለምንህ እፍር ይለኛል፤ ግን እለምንሃለሁ። መሪጌታ ቆዳውን አለስልሰው ይጠብቃሉ። የዛሬው ልቡ ከመጣ መርፌውንም እወጋለሁ፣ ወደምትሉኝም አገር እሄዳለሁ ብላ ለእሳቸው ቃሏን ሰጥታለች፤ ቃሏን ደግሞ እንደማታጥፍ አንተም ታውቃለህ።

የእሷንም ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ዶክተር ደረሰ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ሥራው ይህ ከሆነ ሲያየው ይገባዋል አለኝ። እኔ የሚታየኝ ጠፍጣፋ መስመር ብቻ ነው። አንተ የበሩን ጥበት ለካው። በአንገትህ እሰረው አልልህም፤ ይዘኸው ሂድና፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እዚያ ላሉት ሐኪሞች እናቴ ናት ብለህ አሳይልኝ።

አንለይ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ አትቆጪው፣ መልሱ በመንገድ ላይ ይሆናል እያለ ያባብለኛል። ልጆቹ አጎታችን ሲመጣ የጎማ ኳስ ያምጣ ብለዋል። ሰኪናም ሰላም ብላሃለች፤ በዱዓዋ እንደማትረሳህ ንገሪው አለችኝ። መሪጌታ መንግሥቴ፣ ፍትሐቱን ሳያስጀምሩኝ ፈጥኖ ይጻፍ ብለዋል። አጎታችን ስላንተ የደቁት ደረታቸው እስካሁን ያማቸዋል፤ እንደዚያም ሆኖ ሰላም በይልኝ አሉ።

እናታችን ሰላምታ አልላከችልህም። ለሞተ ሰው ሰላምታ አይላክም ብላለች።

እህትህ ሸዋዓለም

ወረታ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.